የታመመ ሠራተኛ ቤቱ እንዲተኛ የቀን እንጀራውን ማን ይሸፍንለት? ለክፍለ ከተማችን ንግድ ጽሕፈት ቤት የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ኅዳር 15 ቀን 2018 ዓ.ም.
አዲስ አበባ

ለክፍለ ከተማችን ንግድ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ
ግልባጭ፦ ለክፍለ ከተማው ጤና ጽሕፈት ቤት፣ ለወረዳችን አስተዳደር

ጉዳዩ፦ የወረርሽኝ ዝግጁነት ዕቅድ አቅርቡ ስለመባላችን

የተከበሩ የጽሕፈት ቤቱ ኃላፊ፣

ጤና ይስጥልኝ። ይህን ደብዳቤ የምጽፍልዎት በአንድ ሰፈር የምንሠራ 43 አነስተኛ ነጋዴዎችን ወክዬ ነው። ዳቦ ቤት፣ ምግብ ቤት፣ ፀጉር ቤት፣ ልብስ ስፌት፣ እንጀራ ማከፋፈያ፣ ጁስ ቤትና ሻይ ቤት አለን። በሁላችን ሥር ወደ 190 የሚሆኑ ሠራተኞች ይተዳደራሉ። እኔ የዳቦ ቤት ባለቤት ነኝ። በዚህ ሥራ 14 ዓመት ቆይቻለሁ።

ጥቅምት 25 ቀን ጠዋት ሱቃችንን ስንከፍት ከቢሮዎ የወጣ ማስታወቂያ በየበራችን ተለጥፎ አገኘን። እያንዳንዱ ንግድ ቤት ለኢንፍሉዌንዛና ለሌሎች ወረርሽኞች የዝግጁነት ዕቅድ አዘጋጅቶ እስከ ኅዳር 30 እንዲያቀርብ ያዛል። ያላቀረበ ፈቃዱ አይታደስለትም ይላል። የማደሻው ጊዜ ታኅሣሥ 30 ያበቃል። ከዚያ ያለፈ ሰው ቅጣት ይከፍላል። ስለዚህ ነገሩ ለእኛ ቀልድ አይደለም።

አስቀድሜ አንድ ነገር ግልጽ ላድርግ። ዕቅድ ማዘጋጀቱን አንቃወምም። የአዲስ አበባ ሰው ኢንፍሉዌንዛ ምን እንደሚያደርግ ከአያቶቹ ሰምቷል። በ1911 ኅዳር ወር ከተማችን የገባው በሽታ ይኸው ኢንፍሉዌንዛ ነበር። ሌላው ዓለም የስፔን ጉንፋን ይለዋል፤ እኛ የኅዳር በሽታ አልነው። በአዲስ አበባ ብቻ ወደ 10,000 ሰው እንደጨረሰ ይገመታል። ራስ ተፈሪ ሳይቀሩ ታመው ነበር፤ እሳቸው ተረፉ። ብዙ ሰው የሞተው በበሽታው ብርታት ብቻ ሳይሆን ውሃ የሚያቀብለው አስታማሚ አጥቶም እንደነበር ትልልቅ ሰዎች ሲያወሩ ሰምተን ነው ያደግነው። በየዓመቱ ኅዳር 12 ቀን ቆሻሻ ጠርገን የምናጤሰውም ከዚያ ወዲህ እንደሆነ ይነገራል።

ዘንድሮ ኅዳር ሲታጠን ዓርብ ዋለ። እኛም ሱቃችንን ለሁለት ሰዓት ዘግተን ሰፈሩን ጠረግን። ጭስ ቫይረስ እንደማይገድል ስለምናውቅ አላጤስንም። ቆሻሻውን በጆንያ አድርገን ለወሳጆቹ ሰጠን። ከዚያ ሻይ ቤቷ በረንዳ ላይ ተቀምጠን ስለ ማስታወቂያው ተነጋገርን። ይህን ደብዳቤ ለመጻፍ የወሰንነው ያን ዕለት ነው።

ነገሩን ከራሴ ልጀምር። በ2012 መጋቢት 4 ቀን የመጀመሪያው የኮሮና ታማሚ አገራችን ውስጥ ተገኘ ተባለ። መጋቢት 7 ትምህርት ቤት ተዘጋ። መጋቢት 30 የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ወጣ። በ26 ቀን ውስጥ ሥራችን ሌላ መልክ ያዘ። እኔ ያን ጊዜ ሰባት ሠራተኞች ነበሩኝ። አራቱ ከፎርኖው ጀርባ ባለች አንዲት ክፍል ነበር የሚያድሩት። ዳቦ ሌሊት ስለሚጋገር እዚያው ማደራቸው ለሁላችንም ይመቸን ነበር። ሚያዝያ ላይ ፎርኖውን የሚይዘው ልጅ አተኮሰው፣ ሳል ያዘው። "ጉንፋን ነው፣ ይለቀኛል" አለኝ። እኔም እሺ አልኩት። ሁለት ሌሊት እንደዚያው ሆኖ ጋገረ። በአራተኛው ቀን ከእሱ ጋር የሚያድሩት ሦስቱም ተኙ።

ዳቦ ቤቱ 9 ቀን ተዘጋ። ሰፈሩ ዳቦ አጣ። የዘጋሁት በዱቄት እጦት አልነበረም፤ ዱቄት ሞልቶኝ ነበር። ሦስት ጤነኛ ሠራተኞችም ቀርተውኝ ነበር። ግን ከእነሱ መካከል ፎርኖውን ማቀጣጠልና እሳቱን መመጠን የሚችል አንድም ሰው አልነበረም። ሊጥ የሚያቦካው ሊጥ ብቻ ያውቃል። የምትሸጠው መሸጥ ብቻ ታውቃለች። ያን ያህል ዓመት ስሠራ አንድ ቀን እንኳ "ይህ ልጅ ቢታመምስ?" ብዬ አላሰብኩም። ጥፋቱ የእኔ ነው። ዛሬ እያንዳንዱን ሥራ ቢያንስ ሁለት ሰው ያውቀዋል። በወር አንድ ሌሊት ቦታ እየተለዋወጡ ይሠራሉ። የመኝታ ክፍሏንም ለሁለት ከፍዬ መስኮት አውጥቼላታለሁ።

ዕቅድ ማለት ለእኛ ይህ ነው። የእርስዎ ቢሮ ያወጣው ቅጽ ግን ከዚህ አንዱንም አይጠይቅም። የመጀመሪያው ቅሬታችን ቅጹ ላይ ነው።

ቅጹ 11 ገጽ ነው። በትልቅ ፋብሪካ ልክ የተሰፋ ነው። "የወረርሽኝ አስተባባሪ ኮሚቴ አባላትን ዘርዝሩ" ይላል። "የለይቶ ማቆያ ክፍሉን ስፋት በካሬ ግለጹ" ይላል። ከአባሎቻችን አንዱ ፀጉር አስተካካይ ነው። ሱቁ በአጠቃላይ 12 ካሬ ሜትር ናት። ሦስት ወንበርና አንድ መስታወት አላት። ሠራተኛው እሱና አንድ ልጅ ናቸው። ይህ ሰው ለይቶ ማቆያ ክፍል ከየት ያምጣ? ቅጹን ይዞ ቢሮዎ ሄዶ ጠየቀ። "ባዶ ቦታ ካለው አንቀበልም" ተባለ። ምን ብሎ እንደሚሞላው ግን የነገረው የለም።

ከቢሮዎ ፊት ለፊት ባለው ፎቶ ኮፒ ቤት የተሞላ ዕቅድ በ3,000 ብር እየተሸጠ ነው። ከ43ታችን 19ኙ ገዝተዋል። አልፈርድባቸውም። ፈቃዳቸው እንዳይቀር ብለው ነው። ሁሉም የያዙት ወረቀት ግን አንድ ዓይነት ነው፤ ስሙ ብቻ ይለያያል። እንጀራ የምታከፋፍል እህታችን ዕቅድ ውስጥ "የማምረቻ መስመር ሁለት ይቆማል" የሚል ተጽፏል። እሷ ያላት አራት ምጣድና ሦስት ሴቶች ናቸው። ይህ ወረቀት ማኅተም ተመትቶበት መደርደሪያ ላይ ሲቀመጥ ቢሮዎ "ክፍለ ከተማው ተዘጋጅቷል" ብሎ ሪፖርት ያደርጋል። የምንፈራው ይህን ነው። ባልተዘጋጀንበት ተዘጋጅታችኋል መባሉን።

ሁለተኛው ቅሬታችን ዋናው ነው። በእሱ ላይ ትንሽ ልቆይ።

በአማርኛ ለተራው ብርድም ለኢንፍሉዌንዛም አንድ ቃል ነው ያለን። ሁለቱንም ጉንፋን እንላለን። ንፍጥ ብቻ የሚያወርደውም ጉንፋን ነው፤ ሰውነትን ቆራርጦ አልጋ ላይ የሚጥለውም ጉንፋን ነው። ስለዚህ ሠራተኛ ሲያመው "ጉንፋን እኮ ነው" ብሎ ይመጣል። አሠሪውም "ጉንፋን እኮ ነው" ብሎ ያሠራዋል። ኢንፍሉዌንዛ ግን ሰው ውስጥ በገባ ከአንድ እስከ አራት ባለው ቀን ይጀምራል። የያዘው ሰው ምልክቱ ከመታየቱ አንድ ቀን ቀድሞ ያስተላልፋል። ከታመመ በኋላም አምስት፣ አንዳንዴም ሰባት ቀን ያስተላልፋል። ፍጥነቱ ነው ትንሽ ንግድን የሚጥለው። ሰባት ሰው ያለው ቤት ሰዎቹን አንድ በአንድ አያጣም፤ በአንድ ሳምንት ግማሹን ያጣል። የብዙ አገሮች የወረርሽኝ ዕቅድ በከባዱ ሳምንት ከአሥር ሠራተኛ አራቱ ሊቀር ይችላል ብሎ የሚነሣውም ለዚህ ነው። የታመመው ብቻ አይደለም የሚቀረው። ልጁ የታመመባት እናትም ትቀራለች።

ደግሞ ይህ በሽታ ሽማግሌና ሕፃን ብቻ እየመረጠ የሚይዝ አይደለም። የ1911ዱ ብዙ የገደለው በሥራ ዕድሜ ላይ ያሉ ብርቱ ሰዎችን ነበር። የዓለም ጤና ድርጅት በ2001 ሰኔ ወር ወረርሽኝ ብሎ ያወጀው ኤች ዋን ኤን ዋን የተባለው ኢንፍሉዌንዛም ወጣቱን በብዛት ያጠቃ ነበር። የእኛ ሠራተኞች ዕድሜ ያ ነው።

እንግዲህ አንዱ ዋና መከላከያ የታመመ ሰው ቤቱ መተኛቱ ነው። ማስታወቂያችሁም "የታመመ ሠራተኛ ወደ ሥራ እንዳይገባ ይደረግ" ይላል። ልክ ነው። ግን ያ ሠራተኛ በቀን 300 ብር የሚያገኝ ሰው ነው። ዛሬ ካልሠራ ማታ ቤቱ የሚገባ ነገር የለም። ምግብ ቤት ያለው ጓደኛችን የነገረኝን ልንገርዎት። ባለፈው ክረምት ዕቃ የምታጥብለት ሴት ትኩሳት ይዟት መጣች። "ሂጂና ተኚ" አላት። አለቀሰች። "ከምታስወጣኝ ማስክ አድርጌ ልጠብ" አለችው። ሁለት ልጆች አሏት። ልመናዋን አይቶ አስገባት። በሳምንቱ አስተናጋጆቹ ተራ በተራ ተኙ። ይህን ሰው "ለምን ዕቅድህን አልተከተልክም?" ብሎ መቅጣት ይቻላል። ግን ያቺን ሴት ቤቷ የሚያስቀምጣት ቅጣቱ አይደለም።

ሕጉን እናውቃለን። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የሙከራ ጊዜውን የጨረሰ ሠራተኛ ሲታመም የመጀመሪያውን ወር ሙሉ ደመወዝ፣ ቀጣዮቹን ሁለት ወራት ግማሽ ደመወዝ እንዲከፈለው ያዛል። ጥሩ ሕግ ነው፤ መከበርም አለበት። ሁለት ችግር ግን አለ። አንደኛው፣ የሐኪም ማስረጃ ይፈልጋል። ወረርሽኝ ሲመጣ ትኩሳት የያዘውን ሁሉ ለአንዲት ወረቀት ብለን ጤና ጣቢያ ብናሰልፈው እዚያው ሰልፉ ላይ ይተላለፋል። ነርሷም በጠና የታመመውን ትታ ወረቀት ስትጽፍ ትውላለች። ሁለተኛው፣ ስድስት ሠራተኛ ያለው ምግብ ቤት ሦስቱ በአንድ ሳምንት ቢታመሙበት ለእነሱም ለተተኪዎቻቸውም መክፈል አለበት። በዚያው ሳምንት ደግሞ ደንበኛው ቀንሷል። ከየት ይከፍላል?

ይህን የጠየቅነው ዛሬ አይደለም። በ2013 መስከረም ከኮሮናው በኋላ ተሰብስበን የሕመም ቀን ዕድር አቋቋምን። እያንዳንዱ ሱቅ በሳምንት 20 ብር እያዋጣ ጀመርን። አሁን 100 ብር ደርሷል። ትኩሳትና ሳል የያዘው ሠራተኛ ሥራ ሳይገባ ይደውላል። ወረቀት አንጠይቀውም። በቀን 300 ብር፣ እስከ አምስት ቀን ይሰጠዋል። አንድ ሰው ብቻ አታሎናል፤ እሱም ኋላ መልሷል። ሌላው ሁሉ በሐቅ ነው የሚጠቀምበት። ዕቃ አጣቢዋን ያስገባት ጓደኛችንም አባል የሆነው ከዚያ በኋላ ነው።

ዕድሩ ዛሬ 61,000 ብር አለው። ከ190 ሠራተኞቻችን ሩቡ፣ ማለትም 47 ሰው፣ በአንድ ዙር ቢታመም ለአምስት ቀን 70,500 ብር ያስፈልገናል። ስለዚህ ሩቡን እንኳ አይችልም። ወረርሽኝ ደግሞ አንድ ዙር ብቻ ሆኖ አይቀርም፤ ሄዶ ይመለሳል።

በ2016 ይህን ገንዘብ በማኅበሩ ስም ባንክ ለማስገባት ከቢሮዎ የድጋፍ ደብዳቤ ጠየቅን። ሰባት ወር ተመላለስን። አንዱ ቢሮ ወደ ሌላው ላከን። በመጨረሻ "ማኅበራችሁ ለዚህ ዓላማ አልተመዘገበም" ተባልን። እንዴት እንመዝገብ ብለን ስንጠይቅ መልስ አላገኘንም። ገንዘቡ እስከ ዛሬ በሦስት ሰዎች ስም በተከፈተ የጋራ ሂሳብ ነው ያለው። ለማውጣት ሦስቱም መፈረም አለባቸው። ከሦስቱ አንዱ ቢታመም፣ ገንዘቡ በሚያስፈልግበት ሳምንት ይቆለፋል ማለት ነው። በሽታ ሲመጣ የሚያድነን ያለን አንድ ነገር ይህ ሆኖ ሳለ በቅጹ 11 ገጽ ውስጥ ስለ እሱ የሚጠይቅ አንድ መስመር የለም።

ሦስተኛው የውሃ ነገር ነው። እጅ መታጠብ በቅጹ ላይ አራት ቦታ ተጠቅሷል። ሰፈራችን ውሃ የምታገኘው በፈረቃ፣ በሳምንት ሁለት ቀን ነው። በ2012 ከኪሳችን አዋጥተን ሦስት ሮቶ ገዝተን፣ ቧንቧ አስገጥመን፣ ሳሙና አንጠልጥለን በመንገዱ አፍ ላይ አቆምን። ታክሲ የሚጠብቅ ሰው ሁሉ ይታጠብበት ነበር። ሳሙና የኢንፍሉዌንዛን ቫይረስ የሸፈነውን ስብ ያፈርሳል፤ ከዚህ የረከሰ መድኃኒት የለም። በ2014 ደንብ አስከባሪዎች መጥተው "የእግረኛ መንገድ ዘጋችሁ" ብለው ሦስቱንም በመኪና ጭነው ወሰዱ። ብንጠይቅ አልተመለሰልንም። እግረኛ መቸገር የለበትም፣ እንስማማለን። ግን የት እናቁመው? አሁን ቅጹ "የእጅ መታጠቢያችሁ ስንት ነው?" ሲል ምን ብለን እንሙላ?

አራተኛው መረጃ ነው። ወረርሽኝ ከመግባቱ በፊት የሚገባው ወሬ ነው፤ ወሬውም ንግድ ይገድላል። ከመካከላችን አንዷ እናት በ1998 ሾላ ገበያ ዶሮ ትነግድ ነበር። የወፍ ጉንፋን መጣ ተባለ። በሽታው አገራችን ውስጥ መኖሩ አልተረጋገጠም ነበር። ሰው ግን ዶሮ መግዛት አቆመ። ለፋሲካ ብላ በብድር የሰበሰበቻቸውን ዶሮዎች ከገዛችበት በታች ሸጠች። ብድሩን ለመክፈል ሦስት ዓመት ፈጅቶባታል። የዶሮ ንግድን ያን ጊዜ ተወች፤ ዛሬ ሻይ ቤት አላት። በ2012ም እንዲሁ ነጭ ሽንኩርት፣ ዝንጅብልና ሎሚ በአንድ ሳምንት ዋጋቸው ሰማይ ወጣ። ያን ጊዜ የቱን ማመን እንዳለብን የነገረን አልነበረም። ከቴሌግራም ነበር የምንሰማው።

የኢትዮጵያ ኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት 8335 የሚባል ነጻ ስልክ አለው። ይህን ቁጥር ከ43ታችን የሚያውቁት አምስት ሰዎች ብቻ ናቸው፤ ዓርብ ዕለት ጠይቄ አረጋግጫለሁ። በቢሮዎ ማስታወቂያ ላይም አልተጻፈም። የግብር ጊዜ ሲደርስ በስልካችን አጭር መልእክት ይደርሰናል። ስለዚህ ስልካችን የመንግሥት ቢሮዎች ጋ አለ። "ይህ እውነት ነው፣ ይህ ወሬ ነው፣ ከነገ ጀምሮ ይህን አድርጉ" የሚል ሁለት መስመር መላክ ለምን ይከብዳል?

ክትባትን ጠብቁ እንዳይሉን ደግሞ ያለፈውን አይተናል። የኮሮና ክትባት እዚህ መሰጠት የጀመረው በ2013 መጋቢት ነው፤ በሽታው ከገባ ልክ በዓመቱ። ለአዲስ ዓይነት ኢንፍሉዌንዛም ክትባት ተሠርቶ እስኪወጣ ወራት ይፈጃል። እኛ ጋ እስኪደርስ ደግሞ ይጨመርበታል። እነዚያን ወራት የምናልፋቸው በሳሙና፣ በተከፈተ መስኮት፣ በማስክና ታሞ ቤቱ በተኛ ሰው ነው።

ስለ ኪራይና ግብር ብዙ አልልም፤ በሌላ ደብዳቤ እንመለስበታለን። አንድ ነገር ብቻ። በ2012ቱ አዋጅ ሠራተኛ እንዳይባረር ተከልክሎ ነበር። ትክክል ነበር። ሠራተኛውን ሳያባርር የቆየው ትንሽ ነጋዴ ግን ያን ጊዜ የተበደረውን እስከ ዛሬ እየከፈለ ነው። ከአባሎቻችን ሁለቱ በዚያ ምክንያት ሱቃቸውን ዘግተዋል።

የተከበሩ ኃላፊ፣ የምንጠይቀው የሚከተለውን ነው።

የኅዳር 30ው ቀነ ገደብ እንዲነሣና የዘንድሮ ፈቃድ እድሳት ከዚህ ቅጽ ጋር እንዳይያያዝ። ይህ ዛሬውኑ መልስ የሚፈልግ ነው፤ የቀረን 15 ቀን ነው።

ከ10 ሠራተኛ በታች ላለው ንግድ ቤት ቅጹ በአንድ ገጽ እንዲሆን። ረቂቁን እኛ ጽፈን ከዚህ ደብዳቤ ጋር አያይዘናል። ስድስት ጥያቄ ብቻ አለው። እያንዳንዱን ሥራ የሚያውቅ ሁለተኛ ሰው ማን ነው? የታመመ ሠራተኛ ሥራ ሳይገባ ለማን ይደውላል? ያልሠራበት ቀን ከየት ይከፈለዋል? ዱቄት ወይም ዘይት የሚያመጣላችሁ ሰው ቢቀር ሁለተኛው ማን ነው? ውሃ በጠፋ ቀን እጅ የምትታጠቡት በምንድን ነው? ቁልፉንና ገንዘቡን ከባለቤቱ ሌላ ማን ያውቃል? እነዚህን የመለሰ ሰው ተዘጋጅቷል ብለን እናምናለን።

የሕመም ቀን ዕድራችን ሕጋዊ እንዲሆንና በማኅበሩ ስም ሂሳብ እንዲከፈት የድጋፍ ደብዳቤ ይጻፍልን። መንግሥት ገንዘብ ይጨምርበት አላልንም። ቢጨምር ደስ ይለናል፤ ግን መጀመሪያ እንዲያውቀው ነው የምንፈልገው። የሌሎች ሰፈር ነጋዴዎችም እንዲህ ዓይነት ዕድር እንዲያቋቁሙ ቢሮው ቢያበረታታ መተዳደሪያ ደንባችንን በነጻ እንሰጣለን።

በወረርሽኝ ጊዜ ለመጀመሪያዎቹ ቀናት የሕመም ፈቃድ ያለ ሐኪም ወረቀት የሚሰጥበት አሠራር እንዲታሰብ ለሚመለከተው የሠራተኛ ቢሮ ይጻፍልን። ይህ ከእርስዎ ሥልጣን በላይ እንደሆነ እናውቃለን። ከእኛ ግን የእርስዎ ድምፅ ይሰማል።

ለእጅ መታጠቢያ ሮቶ የሚቆምበት ቦታ በወረዳው ይለይልን፤ የተወሰዱት ሦስቱም ይመለሱልን። የጤና ጽሕፈት ቤቱም በወር አንድ ጊዜ የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ ልኮ ጉንፋንና ኢንፍሉዌንዛ በምን እንደሚለዩ፣ ሰው መቼ ሐኪም ጋ መሄድ እንዳለበት ለሠራተኞቻችን ያስረዳልን። ሠራተኞቹን እኛ እንሰበስባለን። ሰዓቱም የሥራ ሰዓት ሆኖ ይቆጠርላቸዋል።

እሑድ ኅዳር 28 ቀን ከቀኑ 8 ሰዓት በዳቦ ቤቱ ግቢ ሁላችንም እንሰበሰባለን። እርስዎ ቢገኙልን እንመርጣለን። ካልተመቸዎት ውሳኔ መስጠት የሚችል ሰው ይላኩልን። የዕድሩን መዝገብ፣ ከፎቶ ኮፒ ቤት የተገዙትን 19 ዕቅዶችና የእኛን አንድ ገጽ ጎን ለጎን አስቀምጠን እንጠብቅዎታለን።

ከአክብሮት ጋር፣

የሰፈሩ አነስተኛ ነጋዴዎች ማኅበር ሰብሳቢና የዳቦ ቤት ባለቤት
የሕመም ቀን ዕድር ጸሐፊና የልብስ ስፌት ባለሙያ
የዕድሩ ገንዘብ ያዥና የሻይ ቤት ባለቤት
ስለ 43ቱ አባላት